ደመና ውስጥ የተሳልኩት ጃንጥላ

አንድ ታሪክ አለኝ፤ አንድ ብቻ። ጎንደር ላይ ከማራኪ አራዳ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ፣ ሰው እስኪያዛጋ ድረስ ስተርከው ኖሬአለሁ። ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገና «አንድ ቀን ስበር» ብዬ ስጀምር ፈተና እንደ ደረሰበት ሰው ቦርሳቸውን ያነሳሉ። ጨዋ ልጆች ናቸውና እስከ መብረቁ ድረስ ግን ቆመው ይሰሙኛል።

ሲጠቃለል ይኸው ነው፦ ዱሮ ትንሽ አውሮፕላን አበር ነበር፤ ወጀብ ውስጥ ጠፋሁ፤ ምንነቱን ያላወቅኩት ነገር አዳነኝ። አለቀ። ይህን ለመናገር ግን እኔ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ በየዓመቱም ይወፍራል። መጀመሪያ ሳወራው መብረቁ አንድ ነበር፤ በቅርቡ ሰባት ደርሷል። መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን አሁን በአንድ እጄ መሪ ይዤ በሌላው ሻይ እጠጣ ነበር ልል ይቃጣኛል።

ባለፈው ክረምት ግን ከዚህ ሁሉ ጭማሪ ውስጥ እውነቱን ለቅሜ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። የባለቤቴ ጤና በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና።

በመጀመሪያ ስለ ሥራዬ ላስረዳ፤ «አብራሪ ነበር» ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ባለ ወርቅ ኮፍያ፣ ከኋላ ሻይ የምታቀርብ ቆንጆ። የእኔ አውሮፕላን መቀመጫዋ አንድ ነው፤ እሱም የእኔ። ሥራዋ መድኃኒት መርጨት ነው። ማሽላ ሊያፈራ ሲል ቆላ እንወርዳለን፤ ግሪሳ የሚባለው ወፍ በመቶ ሺህ እየሆነ ከሚያድርበት ቁጥቋጦ ላይ እንረጫለን። ሲመሽ እኔም መድኃኒቱን እሸታለሁ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ልብሴን በእንጨት ጫፍ አንስታ ነበር ወደ ገንዳው የምትወስደው። «ወፉስ ሞተ፤ አንተ ምን ተርፎህ መጣህ?» ትለኝ ነበር።

ያን ቀን ቆላ አርማጭሆ ነበርኩ። አውሮፕላኗን ለጥገና ወደ ጎንደር መውሰድ ነበረብኝ፤ ሜካኒኩ ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ የተከመረውን ደመና በአገጩ አሳየኝ።

«ነገ ጠዋት ብትነሳ ምናለ? ያን አላየኸውም?»

«አይቸዋለሁ፤ እሱም አይቶኛል» አልኩት።

እንዲህ ያለ ጀግና ንግግር የሚናገረው ሰው፣ እውነቱ ሲወጣ፣ ሳምንት ሙሉ ደረቅ ብስኩት የበላና የቤቱ ሽሮ የናፈቀው ሰው ነበር። ይህን ለተማሪዎቹ ነግሬአቸው አላውቅም። «አስቸኳይ ግዳጅ ነበረብኝ» ነው የምላቸው። ግዳጁ ሽሮ ነበር።

ከቆላ ወደ ጎንደር ሲመጣ የደጋው ግንብ ከፊት ይቆማል፤ ኮሶዬ ላይ መኪና አቁመው ቁልቁል የሚያዩት ያ ሁሉ ገደል፣ ከታች ለሚመጣ ሰው ግድግዳ ነው። ደመናውን በጎን እዞረዋለሁ ብዬ ነበር። ዞርኩት ስል ለካ እሱ ዞሮኛል። ከዚያ በኋላ ነጭ ሆነ። ደመና ከሩቅ ሲታይ ጥጥ ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን ጭንቅላትን በእርጥብ ጋቢ መጠቅለል ነው። ራዲዮኑ እንደሚጠበስ ሥጋ ከመንጨርጨር በቀር ቃል አልወጣውም። ኮምፓሱ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። አንድ መብረቅ ወረደ፤ አንድ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሰጥቼ ሽቅብ እያልኩ፣ ከፍታ መለኪያው ቁልቁል ይቆጥራል። ገደሉ ከፊቴ እንዳለ አውቃለሁ። የማላውቀው ስንት እስትንፋስ እንደቀረኝ ነው።

ተሳልኩ። በእኛ አገር በዚህ ጊዜ የማይሳል ሰው የለም፤ ግን ሰው ሲሳል የታቦት ስም ይጠራል፦ የአጥቢያውን፣ የእናቱን፣ ክርስትና የተነሳበትን። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ቅርብ ያለው ቶሎ ይደርስልኛል ብዬ አሰብኩ። አብራሪ ሲቸገር ከሁሉ አስቀድሞ በአቅራቢያው ያለውን ማረፊያ እንዲፈልግ ነው የተማረው፤ እኔም በተማርኩት ጸለይኩ።

«ከበታቼ ያለኸው ታቦት!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «ማንም ሁን ማን፣ ካወጣኸኝ ወርቀ ዘቦ ጃንጥላ አስገባለሁ!»

አውሮፕላን ግን እንደ በቅሎ ቆማ አትጠብቅም። ያ ስለት ተጀምሮ እስኪያልቅ ሳልፍ ሳልፍ ሦስት ደብር ሳልሻገር አልቀረሁም።

ወዲያው ደመናው ከፊቴ ተሸነቆረ። በቀዳዳው ነጭ መስመር አየሁ፤ ከእኔ በላይ። በላይ ነው የምለው፤ ይህን አልጨመርኩትም። ገደሉ አናት ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው የቆሙ ይመስል ነበር። ከመስመሩ ሥር ጥቁር ዐለት ውሃ እየወረደበት ያብለጨልጫል። የድንጋይ ውርወራ ቢርቅ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ገለበጥኩ፤ ከገደሉ ሥር የሚወጣው ነፋስም ድንገት አውሮፕላኗን ሕፃን እንደሚያነሱት አነሳት። መስመሩ አጠገቤ ደረሰ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ እኔም አብሬው ታጠፍኩ። ሲያልቅ ከሥሬ ዝናብ ያጠበው አስፋልት ተዘርግቷል፤ የደባርቅ መንገድ! እንደ ሚኒባስ ሾፌር ኩርባ በኩርባ ይዤው ጎንደር ገባሁ። ማኮብኮቢያው ላይ ወርጄ፣ የሆነ ነገር የወደቀብኝ መስዬ መሬት መሬት እያየሁ ቁጭ አልኩ።

ለባለቤቴ የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። ሽሮውን እየበላሁ።

«ለየትኛው ታቦት ነው የተሳልከው?»

«ከበታቼ ለነበረው።»

«ታቦት? ከበታችህ?» ሦስት ጊዜ አማተበች። «እሱ ይቅር ይበልህ። ከዚህ በኋላ ስትሳል ለኔ ደውልልኝና እኔ እሳልልሃለሁ።»

ጃንጥላውን በዚያው ሰሞን አራዳ ካለ የንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ገዛሁት። ባለሱቁ «የየትኛው ደብር ስም ይጠለፍበት?» ሲለኝ «ለጊዜው ባዶውን ይሁን» ብዬው ሰውየው ክፉኛ አየኝ። አምጥቼ ቁም ሳጥን ኋላ አቆምኩት። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ አጣርቼ አስገባለሁ እያልኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ጃንጥላው በላስቲኩ እንደ ተጠቀለለ እዚያው ቆሞ አረጀ። ባለቤቴ ስትጠርግ በዙሪያው እየዞረች ትጠርጋለች። «በጠረግኩ ቁጥር ያየኛል» ትላለች።

ባለቤቴ መምህርት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ከማይክሮፎን ጋር ሳትተዋወቅ የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ስትመራ የኖረች ናት፤ እዚህ ማራኪ ቆማ ስትቆጣ አራዳ ያለ ልጅ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል ይባል ነበር። አንገቷ ላይ እንቅርት አለ፤ ብዙ ዓመቱ ነው፣ እንደ ቤተሰብ ለምደነዋል። ባለፈው ክረምት ግን ስትተኛ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ሆስፒታል ሄድን። ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየን።

«መተንፈሻዎን እየተጫነ ነው፤ መውጣት አለበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተራ አለ፤ ይህ ካለፈ ግን መቼ እንደሚገኝ እንጃ። አንድ ነገር ልንገርዎ፤ የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገቡ ነው የሚያልፈው። በጥንቃቄ ነው የምንሠራው፤ ግን ድምፅዎ ሊሰልል፣ አልፎ አልፎም ሊጠፋ ይችላል። ይህን ተረድተው ነው የሚፈርሙት።»

ወረቀቱን ተቀበለችው፤ አልፈረመችም። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ግቢ ስንደርስ ግን፣

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «ያልገባ ስለት ቁም ሳጥን ኋላ ቆሞ እኔ ቢላዋ ሥር አልተኛም።»

«ስለቱ የኔ፣ እንቅርቱ ያንቺ። ምን አገናኛቸው?»

«አንድ ቤት ነዋ የሚኖሩት።»

ይህን ክርክር ማን ያሸንፋል? ልቀልድ ፈልጌ ፊቷን አየሁት፤ እየፈራች ነበር። በዚያች ሴት ፊት ላይ ፍርሃት አይቼ አላውቅም ነበርና የማደርገው ጠፋኝ። እኔም ራሴ ፈርቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ «እባክሽ ዝም በይልኝ» ስል የኖርኩ ሰው፣ ዝም እንዳትልብኝ ፈራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ጃንጥላውንና የበረራ ደብተሬን ይዤ የደባርቅ መኪና ተሳፈርኩ። ኮሶዬ ስወርድ ዝናቡ ይወርዳል። የታቦት ጃንጥላ ለራስ አይዘረጋምና በትከሻዬ ተሸክሜው፣ ራሴ እየበሰበስኩ፣ መንገድ ዳር ያለች ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ከምድጃው ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው አያ! ጃንጥላ ተሸክመው ይበሰብሳሉ?»

«የኔ አይደለም፤ የታቦት ነው።»

«የየትኛው ታቦት?»

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ጭልፋዋን አስቀመጠች። ከመነሻው አጫወትኳት። ስጨርስ «ስለት ያለ አድራሻ ይሳላሉ እንዴ?» ብላ ሳቀችና ወደ እሳቱ ጥግ ዞረች። «የኔታ፣ ሰሙልኝ ይህን ጉድ?»

እሳቱ ዳር ነጠላቸውን የሚያደርቁ፣ በሻይ ብርጭቆ እጃቸውን የሚያሞቁ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። እንደ መርማሪ ያዙኝ።

«በየትኛው ወር ነው ይህ የሆነው?»

«በነሐሴ መጨረሻ።»

«በነሐሴ መጨረሻ ማን ነጭ ለብሶ ገደል አፍ ላይ ይሰለፋል? ፍልሰታ ተፈትቷል፤ ሕዝቡ አረም ላይ ነው። ተሳስተዋል።»

ተሳስተዋል መባል አልወድም። «የተጻፈ አለኝ» ብዬ የበረራ ደብተሬን ዘረጋሁ። እሳቸውም ያንብቡልኝ አሉ፤ ቀኑ እንደ ሁሉም አብራሪ ደብተር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አነበብኩላቸው። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ ቆጠሩ፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ።

«ወንድሜ፣» አሉኝ ዐይናቸውን ገልጠው፣ «ይህ እኮ ጳጉሜን ሦስት ነው። ሩፋኤል!»

ጎንደር ተወልጄ፣ በልጅነቴ በሩፋኤል ዝናብ ግቢ ለግቢ ራቁቴን እየሮጥኩ የተጠመቅኩ ሰው፣ የሩፋኤልን ዕለት በፈረንጅ ቁጥር ጽፌ ይህን ሁሉ ዓመት በብብቴ ይዤው ዞርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ቆጥሬው አላውቅም። ሴፕቴምበር ሲባል ነሐሴ ሲያልቅ ይጀምራል ብዬ በጅምላ ደመደምኩ። ሳምንቱን ቆላ ስለ ነበርኩ ደግሞ የማውቀው በዓል የግሪሳን ብቻ ነው።

ባለ ምግብ ቤቷ ግን አላዘነችልኝም። «ታዲያ ምን ተገኘ? የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ጠበል ነው፤ አገር እንዳለ ውጭ ነው! የየቱ ደብር ሰው እንደሆነ በምን ይለያል?»

«ቆይ» አሉ መሪጌታ። «መስመሩ ገደሉ ጠርዝ ላይ ነበር ብለዋል። ገደሉ አፍ ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚሠራ ካብ ያለበት እኮ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የኛው ሩፋኤል። ከብት እንዳይገባ ብለው አባቶች የካቡት።» ያላለቀ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሱ። «ይምጡ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል በጭቃ ሄድን። እሳቸው በጎማ ጫማ እንደ ፍየል ይራመዳሉ፤ እኔ፣ ሰማይ የታዘዘልኝ አብራሪ፣ አንዲት የክንድ ስፋት ያላት ቦይ ስሻገር ተንሸራትቼ በቂጤ ተቀመጥኩ። ጃንጥላውን ግን ከፍ አድርጌ ይዤ ነው የወደቅኩ። ስነሳ አንዲት አሮጊት ለጥጃቸው ሣር ታቅፈው ከካቡ አጠገብ ቆመው ያዩኛል። መሪጌታ ነገሩን በአጭሩ ነገሯቸው፤ እኔ አንድ ሰዓት የሚፈጅብኝን በሁለት አረፍተ ነገር ጨረሱት።

«ነጭ ለብሰን ተሰልፈን?» አሉ ሴትዮዋ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «ምነው አያ! በሩፋኤል ዕለት ማን ልብስ ለብሶ ይጠመቃል?»

«ታዲያ ያየሁት ምንድን ነው?»

«ልብሳችንን ነዋ!» በእጃቸው የካቡን አናት ዳበሱት። «እዚህ ላይ እናሰጣዋለን። የኛ ብቻ አይደለም። አልጋ የያዘ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የበሽተኛውን ጋቢ ያመጣና ካቡ ላይ ያሰጣል። ዝናቡ ጋቢውን ካገኘው እሱን አገኘው ማለት ነው። ያን ዓመት ደግሞ ሕመም በዝቶ ነበር፤ ካቡ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሷል። የኔም ሰውዬ ወገቡን ይዞት አልጋ ላይ ነበር። ጋቢውን ከዚህች ማዕዘን ላይ አሰጣሁለት፤ ከነእርጥቡ ወስጄ አለበስኩት።»

«ዳነ?»

ሣሩን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አራት ዓመት ጨመረልኝ። ሸጋ አራት ዓመት። ከዚያ ወሰደው። አራት ዓመት እኮ ቀላል አይደለም አያ፤ አራት ፋሲካ ነው።»

ያኔ መሪጌታ «ያን ዓመት ነው አይደል የጮኸው?» ብለው ሲጠይቋቸው የሴትዮዋ ፊት በራ።

«እሱ ነው! ሕዝቡ እየተጠመቀ ሳለ ከገደሉ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ከሥር ነው የምልዎ! ጉሙ ውስጥ እያገሳ፣ ከእግራችን በታች ተነስቶ፣ በራሳችን ላይ አለፈ። ሰው ሁሉ እንደ ተፈጠረ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠ። ሩፋኤል ነው ያለፈው፤ ዛሬም እንዲሁ ነው የምንለው።»

እኔ ሩፋኤል! ግሪሳ ስረጭ የከረምኩ፣ ሽሮ አምሮኝ የበረርኩ፣ በፍርሃት ሱሪዬን ላጣ የደረስኩ። ውስጤ ያለው ተንኮለኛ ሽማግሌ «ዝም በል፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ መልአክ ሁን» አለኝ። ግን ለባለቤቴ ስል እውነት ልይዝ ነው የወጣሁት፤ ስለትን በውሸት አያስገቡትም።

«እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤» አልኩ፤ «እኔ ነበርኩ። አውሮፕላኔ ናት የጮኸችው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ዐይናቸው ሱሪዬ ላይ ባለው ጭቃ ላይ ቆየ።

«አውሮፕላን እናውቃለን አያ፤ በላይ ነው የሚሄድ። ከገደል ሥር የሚወጣ አውሮፕላን የለም። ይልቅ እርስዎ፣ ቦይ ተሻግሮ መቆም ያቃተዎ ሰውዬ፣ ያን ገደል በረርኩ ይላሉ?»

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ሁሉ ዓመት ስዋሽ ያመነኝ ሕዝብ፣ አንድ ጊዜ እውነት ብናገር እንዲህ ተሳቀብኝ። ደግሜ አላስረዳሁም። የእሳቸው ሩፋኤል ከእኔ ሞተር የተሻለ ነበር፤ እንዲያውም እዚያው ቆሜ እኔም በከፊል አመንኳቸው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ካቡን በእግሬ ተከትዬ ሄድኩ። ገደሉን ይዞ ይሄድና አንድ አሮጌ ጽድ ሲደርስ ይታጠፋል። ወደ ግራ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ዞሬ ከገደሉ በኩል እንደሚመጣ ሰው ሆኜ አሰብኩት፤ እንደገናም አሰብኩት፤ ያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። የእኔ መስመር ወደ ሌላው በኩል ነው የታጠፈው፤ ወደ አስፋልቱ።

«በዚያ በኩል ምን ነበር?» አልኳቸው።

«በዚያ? ሣር ነው።»

«ልብስ አይሰጣበትም?»

«ሣር ላይ? ከብት ሊረግጠው!»

መሪጌታን አየኋቸው። እሳቸውም ጽዱን፣ ሣሩን፣ ከዚያ ማዶ ያለውን አስፋልት አዩ። «ግማሹ ልብስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የቀረውን እኔን አይጠይቁኝ።» በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ጨምሬአለሁ፤ መታጠፉን ግን አልጨመርኩም። የደመናው ቀዳዳ ሲከፈት ያንን ነጭ ነገር ተከትዬ ነው ነፍሴ የተረፈችው፤ የተከተልኩት ደግሞ ካብ በሌለበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በላይ አላውቅም።

ጃንጥላውን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስገባሁ። ቄሱ ከላስቲኩ አውጥተው ሲዘረጉት ከእርጅናው የተነሳ እንዳይቀደድ ፈርቼ ነበር፤ ዘርፉ ብቻ ትንሽ ጠቁሯል። ሴትዮዋ ሣራቸውን እንደ ታቀፉ ለብቻቸው እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ዘወር ብለው ለመሪጌታ «ምስኪን፣ ሰው ግን ክፉ አይመስልም» ሲሉ ሰማሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ሱሪዬን ነው፤ ቀጥላ ባዶ እጄን። አስቀምጣ መረመረችኝ፦ በእጄ ሰጥቼው እንደሆነ፣ ታቦቱ ማን እንደሆነ፣ እውነቱን ነግሬአቸው እንደሆነ። ምንም ሳልጨምር ነገርኳት።

«መብረቁስ?»

«አንድ ነበር።»

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። «አመመህ እንዴ?»

ሁሉንም ከሰማች በኋላ ግን የጠየቀችኝ ስለ ሴትዮዋ ባል ነበር።

«አራት ዓመት አለች?»

«አራት ዓመት።»

«አይበቃኝም» አለች። ተነስታ መነጽሯን ፈለገች፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በዚያ በአስተማሪ እጅ ጽሑፏ ፈረመች። «ለኔም አይበቃኝም» ልላት ፈልጌ ነበር። የወጣኝ ግን «እስክሪብቶዬን መልሺ» የሚል ሆነ።

ቀዶ ጥገናው የተባለው ቀን ሆነ። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ምንም አላወራሁም። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ በደንብ አልቋል አለኝ። ነርቩ እንዳልተቆረጠ፣ ግን እንደተነካካ፣ ድምፁ ተመልሶ እንደሚመጣ ተስፋ እንዳለው፣ ጊዜው ግን እንደማይታወቅ ነገረኝ። ስገባ ነቅታለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «በላህ?» እያለች ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍናቸውን ሳምንታት ለጠላቴም አልመኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። የምትፈልገውን በወረቀት ትጽፍልኛለች፤ ስህተቴን በቀይ ታሰምርበታለች፤ ያ ግን ቁጣ አይባልም። ተማሪዎቹ በሩን ገጭ አድርገው ሲዘጉ የሚናገራቸው ሰው ጠፍቶ፣ ራሳቸው ደንግጠው በጫፍ እግራቸው መሄድ ጀመሩ። እኔ ስሊፐሬን የትም እጥላለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። ካልሲዬን ሶፋው ላይ አሰጣለሁ። ብርጭቆ ሳላጥብ አስቀምጣለሁ። እሷ ታየዋለች፣ ታየኛለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ምንም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እየሞቅኩ ጋዜጣ ይዤ ነበር። ከወጥ ቤት በኩል፣

«አንተ ሰውዬ!»

ሻካራ ነበር። መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ «ሰውዬ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ግን ግቢውን አቋርጦ ነው የመጣው። ከተከራዮቹ አንደኛው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ እኔን አይቶ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ።

ዐይኔ ጋዜጣው ላይ እንደ ተተከለ ነው። ፊደሉ ግን አይታየኝም፤ ሁሉም ውሃ ሆኗል።

«አንተን እኮ ነው! አትሰማም?»

ሰምቻለሁ። አንዷም ፊደል አላመለጠችኝም። ገጹን ገለጥኩና፣ ሦስተኛ እስክትጠራኝ ድረስ፣ እንደ ደንቆሮ ተቀመጥኩ።